ጧሪና ሮቦት

ፓሮ የተሠራችው በጃፓን ነው። ነጭ ጠጉር የለበሰች፣ አቆስጣ የምትባለውን የቀዝቃዛ ባሕር እንስሳ ግልገል የምትመስል፣ ክብደቷ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ሮቦት ናት። ሲደባብሷት ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች፤ ድምፅ ሲሰጧት አንገቷን ታዞራለች፤ አያያዝ ካልተመቻት ታለቅሳለች። ታካኖሪ ሺባታ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሥራዋን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትገኛለች። ድመት ወይም ውሻ ሆና ያልተሠራችበት ምክንያት አለ። ድመትንና ውሻን ሁሉም ስለሚያውቃቸው ከእውነተኛው ጋር እያስተያየ ጉድለቷን ያገኝባታል። አቆስጣን ግን አቅፎ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ከፓሮ ጋር የሚቀመጡት በአብዛኛው የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች ናቸው። ሰዉ ለሁለት የሚከፈለውም እዚህ ላይ ነው። «እናቴ ልጆቿን መለየት ባቆመችበት ጊዜ ፊቷን የሚያፈካ ነገር ከተገኘ በምን ሕሊናዬ እከለክላታለሁ?» የሚል አለ። «ልጅ አሳድጋ፣ ጎረቤት ቀብራ፣ ማኅበር ጠጥታ የኖረች ሴት በመጨረሻ በባትሪ የሚሠራ አሻንጉሊት ታቅፋ ትቅር?» የሚልም አለ። ሁለቱን ያዳመጠ ሰው አንዱን ጨካኝ፣ ሌላውን ኋላ ቀር ብሎ ለመፈረጅ ሊቸኩል ይችላል። ለእኔ ግን ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንድ ቦታ፣ ለወላጅ ከማሰብ፣ የሚነሡ ይመስሉኛል። ነገሩን ቀስ ብዬ ማየት የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

በሮቦት ላይ ተስፋ የጣሉት ሰዎች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከሕዝብ ቁጥር ነው። በጃፓን ከመቶ ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ነው። ልጅ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እሱም በሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው። የመንከባከቢያ ተቋማት ሠራተኛ አጥተዋል። ችግሩ የጃፓን ብቻ አይደለም፤ ብሪታንያ በ2018፣ ጃፓን በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሰይመዋል፤ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲም በ2023 ብቸኝነትን ከሲጋራ ማጨስ ጋር በሚያስተያይ ማሳሰቢያ አገራቸውን አስጠንቅቀዋል። እናም ደጋፊዎቹ የሚሉት ይህን ነው፦ ሮቦትን ከምትወድ ልጅ ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም። ልጅቱ በሌለችበት፣ አንዲት ነርስ በየክፍሉ ለብዙ ሰው በምትሯሯጥበት ቤት ሮቦቷ የምትወዳደረው ባዶ ግድግዳ ከማየት ጋር ነው።

ይህን ክርክር ቀላል አድርጎ ማየት የሚቻል አይመስለኝም። ሆኖም የተቃራኒው ወገን መልስ ክብደት አለው። ባዶ ግድግዳው ከሰማይ አልወረደም ይላሉ። የእንክብካቤ ሥራ አድካሚ ሆኖ ሳለ ክፍያው አነስተኛ መሆኑ የሰው ውሳኔ ነው፤ ጃፓን ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ተንከባካቢዎችን በስፋት ለመቀበል ማመንታቷ፣ በሩንም ሰፋ አድርጋ የከፈተችው በ2019 መሆኑ የሰው ውሳኔ ነው። እጥረቱን በፖሊሲ ፈጥረን ስናበቃ ማሽኑን እንደ ብቸኛ መፍትሔ ካቀረብነው፣ ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ ተመልሷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ዛሬ ማታ ብቻቸውን የተቀመጡት ሴትዮ ፖሊሲው እስኪታረም ሊጠብቁ አይችሉም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

ጥቅሙ ከሁሉ ይበልጥ በግልጽ የሚታየው በመርሳት ሕመም ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሕመሙ ያለበት ሰው ማምሻውን መረበሽ፣ መቆጣት፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለ በር በሩን ማየት የተለመደ ነው። ቤተሰቡም ተንከባካቢውም የሚጨነቁበት ሰዓት ነው። ለረጅም ጊዜ ቀላሉ መንገድ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ ማረጋጊያ መድኃኒቶችን መስጠት ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣባቸው አድርጓል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2009 ፓሮን በሕክምና መሣሪያነት መድቧታል። እንግዲህ በአንድ በኩል የሚያደነዝዝ ክኒን፣ በሌላ በኩል ጭን ላይ የምትቀመጥ ሮቦት ሲቀርብ፣ ሮቦቷን የመረጠ ሐኪም ወይም ልጅ ለሰው ክብር የማይጨነቅ ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

ማስረጃውስ ምን ይላል? ከተሠሩት ጥናቶች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ የተካሄደው ነው። በግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ዌንዲ ሞይል የተመራው ይህ ጥናት በ2017 የታተመ ሲሆን፣ በ28 መንከባከቢያዎች የሚኖሩ የመርሳት ሕመም ያለባቸው 415 ሰዎች ተሳትፈውበታል። መንከባከቢያዎቹ በዕጣ በሦስት ተመደቡ። በአንደኛው ክፍል ያሉት አዛውንቶች ለአሥር ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ፓሮን ያዙ። ሁለተኛዎቹ ያቺኑ ፓሮን ያዙ፤ ግን ሮቦትነቷ ጠፍቶ፣ ተራ አሻንጉሊት ሆና። ሦስተኛዎቹ የተለመደው እንክብካቤ ብቻ ተደረገላቸው።

ውጤቱ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን ሰጥቷል፤ ምናልባትም ሁለቱም የማይፈልገውን። የምትንቀሳቀሰውን ፓሮ የያዙት ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ደስታ ታይቶባቸዋል፤ በቪዲዮ ሲታዩ መረበሻቸው ቀንሷል፤ ከአሻንጉሊቷ ይልቅ ይበልጥ አናግረዋታል፣ ተመልክተዋታል። ነገር ግን መረበሽን ለመለካት በሚያገለግለው የታወቀ መጠይቅ ሲታይ በሦስቱ ክፍሎች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስሜት አልባ ሆኖ መቀመጥን በመቀነስ ረገድ ደግሞ የጠፋችው አሻንጉሊትም ከሮቦቷ እኩል ረድታለች። ፓሮ በአሜሪካ ስድስት ሺህ ዶላር ገደማ ስትሸጥ ቆይታለች፤ የአሻንጉሊት ዋጋ የታወቀ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ውስን ነው። ሮቦቷ ከንቱ አይደለችም፤ በማስታወቂያ የሚነገርላትን ያህልም አይደለችም። ለማቀፍ የሚመች፣ ለስላሳና ኪሎ ያለው ነገር መያዙ ራሱ ከጥቅሙ ጥቂት የማይባለውን ድርሻ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ወደ ተቃውሞው ልብ ስንገባ ግን የምናገኘው የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ሮበርት ስፓሮውና ሊንዳ ስፓሮው የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሮቦት ለአረጋውያን ጓደኛ ይሆናል ማለት በማታለል ላይ የቆመ ነው ብለው ተከራክረዋል። አዛውንቷ የሚደሰቱት ሮቦቷ የምታያቸው፣ የምትወዳቸው ስለሚመስላቸው ነው። ያ መስሎ መታየት ሲነሣ ደስታውም ይነሣል። ስለዚህ የተሰጣቸው ነገር እውነተኛ መልካም ነገር አይደለም ይላሉ። በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሼሪ ተርክልም ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ናቸው። ተርክል ለዓመታት ሮቦቶችን ወደ መንከባከቢያ ቤቶች ይዘው ሄደው የሰዎችን ሁኔታ ያጠኑ ናቸው። ልጇ የሞተባት አንዲት አሮጊት ለፓሮ ስትናገር፣ ሮቦቷም ዓይን ዓይኗን የምታያት መስላ ስትታይ መመልከታቸውን ጽፈዋል። አብረዋቸው የነበሩት በትዕይንቱ ሲደነቁ እሳቸው ግን ተጨነቁ። ያቺ ሴት ስለ ሞት የምታወራው ሞት ለማያገኘው ነገር ነበር። በዙሪያዋ የቆሙት ሰዎች፣ ተርክልን ጨምሮ፣ ሊያዳምጧት ይችሉ ነበር፤ ግን የተመለከቱት ሮቦቷን ነው።

በእኛ ባህል ያደገ ሰው ይህ ተቃውሞ ቶሎ ይገባዋል። ለቅሶ ቤት የሚኬደው የሚያጽናና ቃል ስለተገኘ አይደለም። ሦስት ቀን ምንም ሳይናገሩ ሸራ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው፣ የመጣው ሰው ሥራውን ትቶ መምጣቱ፣ ነገም በተራው እንዲሁ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። ሮቦት የሚተወው ሥራ የለውም። ይህ በሶፍትዌር ማሻሻያ የሚሞላ ጉድለት አይመስለኝም።

ይሁንና ተቃውሞው ሁሉንም ሁኔታ ይሸፍናል ወይ ሲባል፣ እዚህም መጠንቀቅ ያሻል። የሚታለለው ማን ነው? አእምሯቸው ጤናማ የሆነ ብዙ አዛውንቶች ፓሮ ማሽን መሆኗን አሳምረው ያውቃሉ፤ አውቀውም ይደባብሷታል። የቤት ድመታቸውን የሚያናግሩ ሰዎች ድመቷ ትመልስልኛለች ብለው አይደለም። የመርሳት ሕመሙ የጠናባቸውንም ብንወስድ፣ አባታችን የሞተች እህታቸውን «የት ሄደች?» ብለው ሲጠይቁ በየዕለቱ «ሞታለች» እያልን እንደ አዲስ እናስለቅሳቸዋለን? አብዛኛው ቤተሰብ «ትመጣለች» ብሎ ያልፈዋል። ያን ያደረገን ሰው አታላይ አንለውም። ታዲያ ፓሮን ጭናቸው ላይ ማስቀመጥ ከዚህ በምን ይብሳል? ስፓሮዎቹን ደግፎ የሚከራከር ሰው፣ ያ «ትመጣለች» የሚለው ቃል አጠገብ ከቆመ ሰው አፍ የሚወጣና ለዚያች ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ሮቦቷ ግን ለሰዓታት ትቀመጣለች ብሎ ሊመልስ ይችላል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ቀጭን መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

እውነቱን አውቆም መሳብ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማየት ወደ 1966 መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት በዚያው በኤምአይቲ ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉት ሳይንቲስት ኤላይዛ የተባለች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አቀረቡ። ኤላይዛ የሰውን አረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ እየለወጠች ከመመለስ በቀር ምንም አታውቅም ነበር። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊያቸው ከኤላይዛ ጋር ስትጻጻፍ ዋይዘንባምን ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ዋይዘንባም በዚህ ደንግጠው በቀረው ዕድሜያቸው የኮምፒዩተርን ሚና የሚያጠይቁ ሰው ሆኑ። አንዳንዱ ግን ከዚያው ታሪክ ሌላ ትምህርት ይወስዳል፦ ሰው ማንም በማይፈርድበት ቦታ ልቡን ማውጣት ይፈልጋል፤ ያም ፍላጎት የሚናቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደሚዘለለው ወገን ልለፍ፤ ወደ ተንከባካቢው። ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር የሰው ወላጅ እያጠቡ፣ እያጎረሱ፣ እያገላበጡ ይኖራሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ለቤት ሥራ ተቀጥረው የሄዱ ብዙ እኅቶቻችን ከቤት ሥራው ጋር የአሠሪያቸውን አሮጊት እናት ይጦራሉ። ወገብ የሚቆርጥ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ሥራ ነው። ሮቦት ሸክሙን ያቃልላል መባሉ ለእነዚህ ሰዎች መልካም ዜና መሆን ነበረበት። በከፊል መልካም ዜና የሚሆንበት መንገድም አለ፤ ከአልጋ በሚያነሣ ማሽን የሚድን ወገብ ቢኖር ማን ይጠላል?

ነገር ግን ጄምስ ራይት የተባለው ተመራማሪ በአንድ የጃፓን መንከባከቢያ ለወራት ተቀምጦ ያየውን በ2023 በመጽሐፍ ሲያሳትም ያቀረበው ሥዕል የተለየ ነው። በቤቱ ሦስት ሮቦቶች ተሞክረው ነበር፤ ሰው የሚያነሣው ሃግ፣ ስፖርት የሚያሠራው ፔፐርና ፓሮ። ማሽኖቹ ሥራ ሲቀንሱ አልታዩም። መግፋት፣ ማጽዳት፣ ቻርጅ ማድረግ፣ ሲበላሹ መጠገን፣ አዛውንቶቹ ሲጠቀሙባቸው አጠገባቸው ቆሞ መጠበቅ ሁሉ በዚያው ሠራተኛ ላይ ተጨመረ። ፔፐር ብቻውን ሲወዛወዝ አዛውንቶቹ ስለማይከተሉት አንድ ሠራተኛ ከጎኑ ቆሞ እንቅስቃሴውን መድገም ነበረበት። አንዲት አዛውንት ፓሮን እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ ያለ እሷ መብላትም መተኛትም አስቸገራቸው። ሠራተኞቹም ሃግን ብዙም ሳይቆዩ መጠቀም አቆሙ። ሰውን በማሽን ማንሣት ጊዜ የሚወስድ ከመሆኑም በላይ፣ በእጅ ሲያነሡ የሚለዋወጡትን ወሬና መነካካት እንደሚያሳጣቸው ተሰምቷቸው ነበር።

የአንድ ቤት ታሪክ የሁሉም ቤት ታሪክ አይደለም፤ ማሽኖቹም እየተሻሻሉ ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ወስጄ በሌላውም ቦታ ሁሉ ልጠይቀው እወዳለሁ፦ ሮቦቱ የሚያድነው ጊዜ ካለ፣ ያ ጊዜ ለማን ይሄዳል? ተንከባካቢዋ በተረፋት ሃያ ደቂቃ ከአዛውንቷ ጋር ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች ወይስ ሌላ ሦስት ክፍል ይጨመርላታል? መልሱ በሮቦቱ ውስጥ የለም። በሥራ አስኪያጁ ሒሳብና በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ነው ያለው። ለሮቦት ያለኝ አመለካከት የሚለዋወጠው ከሁሉ በላይ በዚህ መልስ ነው።

በየቤታቸው ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ አእምሯቸው ግን ንቁ ስለሆነ ሰዎች ስናስብ ሚዛኑ ሌላ ይሆናል። የኒውዮርክ ግዛት የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ በ2022 ኤሊኪው የተባለውን እስራኤል ሠራሽ ሮቦት ከ800 ለሚበልጡ አዛውንቶች ለማደል ተነሣ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የመብራት ራስ የሚመስል ነገር ነው። ሳይጠሩት ራሱ ወሬ ይጀምራል፣ መድኃኒት ያስታውሳል፣ ለዘመድ ደውሉ ይላል። ከተጠቃሚዎቹ እጅግ የሚበዙት ብቸኝነታቸው እንደቀለለ ተናግረዋል ተብሏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚናገሩት አዋቂዎች ናቸውና ቃላቸውን ማክበር አለብን። በዚያው ልክ ደግሞ ይህ የተጠቃሚዎች የራስ ምስክርነት እንጂ እንደ አውስትራሊያው በዕጣ የተነጻጸረ ጥናት አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቢሮውም ኩባንያውም ውጤቱ እንዲያምር ይፈልጋሉ፤ ያ ሐሰተኛ አያደርጋቸውም፤ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በዚህ ዓይነቱ ሮቦት ላይ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከማታለሉ ይልቅ የዕድሜው ጉዳይ ነው። ጂቦ የተባለው የቤት ሮቦት በ2014 በታላቅ ጉጉት ተዋወቀ፤ በ2017 በ899 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2019 ሰርቨሩ ሊዘጋ እንደሆነ ራሱ ሮቦቱ ለባለቤቶቹ ተሰናብቶ ነገራቸው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ለሕፃናት የተሠራው ሞክሲ ኩባንያው ገንዘብ በማጣቱ ሊቆም መሆኑ ተነገረ። ወላጆች ጓደኛው ለምን ዝም እንዳለ ለልጃቸው የሚያስረዱበት ደብዳቤ ተላከላቸው፤ በኋላ ሮቦቱን በሌላ መንገድ ለማቆየት መላ ቢፈለግም ድንጋጤው ግን ደርሶ ነበር። በጃፓን የሶኒ ኩባንያ ውሻ መሰል ሮቦት አይቦ በ1999 ተሸጦ፣ ምርቱ በ2006 ቆሞ፣ ጥገናው በ2014 ሲቋረጥ፣ ባለቤቶቹ በቺባ ግዛት በሚገኝ ኮፉኩጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ የቀብር ሥርዓት ያደርጉላቸው ጀመር። የሞቱት አይቦዎች ዕቃ ለሌሎቹ መጠገኛ ይሆናል።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ፣ ሰዎቹ ያዘኑት በእውነት ስለወደዱ ነው፤ ፍቅርን ያበቀለ ነገር እንዴት ባዶ ይባላል ይላል። ሌላው፣ የሰው ሐዘን በኩባንያ ሒሳብ መዝገብ የሚወሰንበት ዝምድና ውስጥ አረጋዊን ማስገባት ግፍ ነው ይላል። ሰውም ይሞታል፣ ድመትም ይሞታል፤ ነገር ግን ባለሀብት ስለከሰረ አይሞቱም። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ይሁንና ይህ ሮቦትን ለመከልከል ምክንያት ከመሆን ይልቅ፣ ሻጩ ቢከስር መሣሪያው ያለ ሰርቨር እንዲሠራ አስቀድሞ በሕግ ለማስገደድ የሚያበቃ ምክንያት ይመስለኛል። ስለ ካሜራውና ስለ ማይክሮፎኑም ነገሩ ያው ነው፤ መኝታ ቤት ውስጥ የሚሰማ ነገር የሰማውን ለማን እንደሚያስተላልፍ በግልጽ መታወቅ አለበት።

ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ በዚህ ቴክኖሎጂ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለችም። ሶፊያ የተባለችውን ዝነኛ ሮቦት በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ላይ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ሠርተዋል፤ ሶፊያም በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኝታለች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሶፊያ ዜግነት መስጠቷን ስታስታውቅ፣ በዚያች አገር ለዓመታት የሰው ልጅና የሰው ወላጅ ሲያሳድጉና ሲጦሩ ኖረው ዜግነት የማያስቡትን የቤት ሠራተኞች ያስታወሱ ብዙዎች ነበሩ። ድርጊቱ ለማስተዋወቂያ የተደረገ እንጂ በሕግ ብዙ ትርጉም የነበረው አይመስልም፤ ስለዚህ ሁለቱን አጣብቆ መፍረድ ሊያሳስት ይችላል። ቅሬታው ግን መሠረት የለውም ማለት አልችልም።

ጧሪን በተመለከተ፣ አገር ቤት እናት አባቱን ትቶ የወጣ ሰው ገንዘብ ይልካል፣ በቪዲዮ ይደውላል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ቤተሰብ የሌላቸውን ደግሞ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከሎች ይሰበስባሉ፤ የመቄዶንያ መሪ ቃል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ በአንዲት ፓሮ ዋጋ ለረጅም ጊዜ ሰው መቅጠር ስለሚቻል፣ ለአሁኑ ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። ነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው በውጭ አገር ላሉት ነው። ልጅ ለመርዳት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ሄደው እዚያው ያረጁ፣ በእስራኤልም ዕብራይስጥ ሳይለምዱ የሸመገሉ ወላጆች አሉ። ቀን ቀን ልጆቹ ሥራ፣ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ሮቦት ቢገኝ ለእነዚህ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል፤ የአካባቢው ሰው የማይሰማቸውን ቋንቋ የሚሰማ ይሆናልና። ይህን ተስፋ ማጣጣል አልፈልግም። ግን በዚያው ከተማ ሌሎች አማርኛ ተናጋሪ አዛውንቶች እንዳሉ፣ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ማኅበሩ ቤት የሚያደርስ መኪና መሆኑንም መዘንጋት የለብንም። ሮቦቱን ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ቢሞከር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደየት አዘነብላለሁ? የመርሳት ሕመም ጠንቶባቸው ለሚረበሹ፣ ምርጫውም ሮቦት ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ለሆነባቸው፣ ሮቦቷ ትሰጥ ባይ ነኝ፤ አስቀድሞ ለስላሳ አሻንጉሊት ተሞክሮ፣ ለአጭር ሰዓት፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ። አእምሯቸው ንቁ ለሆነ ሰዎች ውሳኔው የእነሱ እንጂ የልጆቻቸው መሆን የለበትም፤ አልፈልግም ካሉ ነገሩ አለቀ። ተቋማት ደግሞ ሮቦት ሲያስገቡ የሠራተኛ ቁጥር እንዳይቀንሱ መገደድ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ይህ የመሐል መንገድ የገዛ ራሱ ድካም እንዳለበት አውቃለሁ። «ከሰው በተጨማሪ» ተብሎ የገባ ነገር ቀስ በቀስ «በሰው ፈንታ» ሲሆን ማንም በአዋጅ አይነግረንም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ደመወዝ ነው። በዚህ ምክንያት ከበሩ ይመለስ የሚሉትን አክራሪ ልላቸው አልችልም። በሌላ በኩል፣ ጥንቃቄዬ ራሱ ዛሬ እፎይታ ሊያገኙ የሚችሉ ሰዎችን ያስጠብቃል የሚለኝ ሰው ቢመጣ የሚነቅፈኝ በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ አንድ ጉዳይ ይቀራል። አባት ጤናማ ሳሉ «እኔን አሻንጉሊት እንዳታሳቅፉኝ» ብለው ተናገሩ እንበል። ከዓመታት በኋላ አእምሯቸው ሲደክም ማታ ማታ ይጮኻሉ፤ አንድ ቀን በመንከባከቢያው ፓሮን ሲያዩ ግን እጃቸውን ይዘረጋሉ። የትኛውን አባት እንስማ? ቃላቸውን እንደ ኑዛዜ የሚጠብቅ ልጅ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ልኩን ያከበረውን ሰው ፈቃድ በድካሙ ጊዜ አይሽርም። እኔ ግን ከብዙ ማመንታት በኋላ የተዘረጋውን እጅ የምመልስ አይመስለኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሮቦቷን ራሴ አቀብዬ፣ ሲበቃቸው ራሴ እቀበላቸዋለሁ። ያን በማድረጌ ወንድሜ ወይም እኅቴ ቢቆጡኝ የሚቆጡበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ወላጅ መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ፣ ሁሉም ልጆች ባሉበት ማንሣቱ፣ አፍ የሚያሲዝ ቢሆንም፣ የሚሻል ይመስለኛል።